ስለ ውሃ ብቻ ነው የጠየቀችን

አስናቀን «ቅናተኛ ነህ» ቢሉት ይስቃል። ለእሱ ቅናተኛ ማለት ሚስቱን ቤት ቆልፎባት የሚሄድ፣ ጫማዋን የሚደብቅ፣ ሰላምታ ከሰጣት ወንድ ሁሉ ጋር ቡጢ የሚሰናዘር ሰው ነው። እሱ ደግሞ ከዚህ አንዱንም አድርጎ አያውቅም። እሱ የሚያደርገው ስልክ ደውሎ «እስቲ ቧንቧውን ክፈቺው» ማለት ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አስናቀ ከደብረ ሲና መጥቶ መቀሌ የቀረ የውሃ ሠራተኛ ነው። በ1988 ዓ.ም. ገና ጢሙ እንኳ በደንብ ሳይወጣ በፓምፕ ኦፕሬተርነት ተቀጥሮ ከከተማው ወጣ ብሎ ዓይናለም ካሉት የውሃ ጉድጓዶች ዘንድ ተመደበ፤ እዚያው ፀጉሩ ሸበተ፣ እዚያው የፈረቃ ኃላፊ ሆነ። ውሃው ከዓይናለም ተስቦ ለየሰፈሩ በተራ ነው የሚለቀቀው፤ የማን ሰፈር ተራ መቼ እንደሆነ ደግሞ ከአስናቀ በላይ የሚያውቅ የለም። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ከሥራ ቦታው ሆኖ ቤቱ ቢደውልና «መስመሩ ደርሶ እንደሆነ ልስማ፣ ቧንቧውን ክፈቺው» ቢል ማን ምን ይለዋል?

ሚስቱ ዘቢብ ስልኩን ይዛ ወደ ግቢው ትወጣለች። ቧንቧውን ታዞርና ስልኩን ታስጠጋለታለች። ውሃ ካለ ይንፎለፎላል፤ ከሌለ ቧንቧው አየር እየተፋ ያፏጫል። ያንን ፉጨት አስናቀ ከመቶ ቧንቧ ይለየዋል፤ የቤቱ ነው። ፉጨቱ ከተሰማ ሚስቱ ቤት አለች ማለት ነው። «በቃ፣ ዝጊው» ይላታል፤ ደረቱም ቀለል ይለዋል። እስኪጨንቀው ድረስ፣ ማለትም እስከሚቀጥለው ሰዓት ድረስ።

ዘቢብ ሞኝ አይደለችም። አንድ ቀን «የኛ ሰፈር ተራ ገና ሳምንት ነው አላልከኝም?» አለችው።

«ግፊቱን ነው የማየው» አላት።

ውሃ በሌለበት መስመር ምን ዓይነት ግፊት እንደሚታይ አልጠየቀችውም። ቧንቧውን ከፈተችለት።

ዘቢብ የመቀሌ ልጅ ናት። አማርኛ የተማረችው ትምህርት ቤት ነው፤ ጥርት አድርጋ ትናገራለች፣ «ሐ»ን ከጉሮሮዋ ስታወጣት ደግሞ አስናቀ ደስ ይለዋል። በአማርኛ ተዋውቀው፣ በአማርኛ ተፋቅረው፣ በ1993 ዓ.ም. ተጋቡ። የእሱ ትግርኛ ግን በዚህ ሁሉ ዘመን ከገበያና ከሥራ አላለፈም። ቀስ ብለው ካወሩት ይሰማል፤ ፈጠን ካሉና መሃል ላይ ሳቅ ከገባበት ይጠፋበታል። ሰውየውን የሚያንገበግበውም ይኸው ነበር። ዘቢብ በአማርኛ ስትስቅ አፏን በእጇ ከደን አድርጋ፣ ልከኛ ሳቅ ነው የምትስቀው። በትግርኛ ስትስቅ ግን ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ነው። ያንኛውን ሳቅ አስናቀ አንድም ቀን አስቋት አያውቅም። ባለሱቁ ያስቃታል፤ የባጃጁ ሹፌር ያስቃታል፤ የጎረቤት ሽማግሌ ሳይቀር በአንድ ቃል ያስቃታል። ባሏ ብቻ አልቻለም።

«ምን ብሎሽ ነው?» ይላታል እየተከተለ።

ትተረጉምለታለች። ተተርጉሞ ሲሰማው አያስቅም። የማያስቅ ነገር ያን ያህል ካሳቃት እንግዲያው የደበቀችኝ ሌላ ነገር አለ ብሎ አስናቀ ይደመድማል። ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል፤ ጠዋት ባለሱቁን አይቶ ሰላም አይለውም፤ ባለሱቁም ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ይቀራል።

በዚህ የተነሳ ቤቱ ውስጥ አንድ ሕግ ወጣ፤ «በዚህ ቤት የምንነጋገረው በአማርኛ ነው» የሚል። ልጃችንን ለትምህርቷ ይጠቅማታል ብሎ ነበር ያመካኘው። ልጃቸው ሩት አድጋ ቃላሚኖ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባች፤ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ከታ ሄደች፤ ሕጉ ግን እዚያው ቤት ቀረ።

ያን ሰሞን ዘቢብ ዓዲ ሓቂ፣ የዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ፣ ሃፍታይ የሚባል ሰው በከፈተው የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራ ነበር። የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ትተይባለች። እጇ ፈጣን ነው፤ ስህተት አታበዛም፤ ስለዚህ ሌላዋ ጸሐፊ ሥራ ፈትታ ተቀምጣ እንኳ ተማሪው የዘቢብን ወንበር ይጠብቃል። ይህን ለአስናቀ ማን ያስረዳው? ወንድ ሁሉ ተሰልፎ የሚቆመው ለእጅ ፍጥነት ነው ቢሉት ይሰማል? ከፈረቃ በወጣ ቁጥር ብቅ ይላል። ናፍቃኝ መጣሁ አይል ነገር፣ ያፍራል፤ ልጠብቃት መጣሁ አይል ነገር፣ ይታወቅበታል። ኪሱ ይገባና መታወቂያውን አውጥቶ «አንድ ኮፒ» ይላል። ኮፒው እስኪወጣ ቤቱን በዓይኑ ይቃኛል፤ ማን አጠገቧ እንደቆመ፣ ማን ወንበር ስቦ እንደተቀመጠ፣ ማን በየትኛው ቋንቋ እንደሚያናግራት። እቤት ያለው የቁም ሣጥን መሳቢያ ቀስ በቀስ በአስናቀ ፊት ተሞላ፤ አንዱ ጠቆር ያለ፣ አንዱ ፈዘዝ ያለ፣ ሁሉም ያኮረፈ።

ሃፍታይ ቀልድ የማይችል ሰው አልነበረም። አንድ ቀን መታወቂያውን ከማሽኑ እያነሳ «ኣያ አስናቀ፣ ይቺ መታወቂያ እኮ በኮፒ ብዛት ልታልቅ ነው፤ እዘኑላት እንጂ» አለው።

ዘቢብ ሳቀች። ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ በዚያኛው ሳቅ። አስናቀ ደሙ ፈላ። እስከዚያ ቀን ድረስ ጥፋቱ የትግርኛ ነው ብሎ ራሱን ሲያጽናና ነበር። ይሄ ግን በአማርኛ የተነገረ ቀልድ ነው፤ ሳቁ ደግሞ ያ እሱ የማያውቀው ሳቅ። ለካ ቋንቋው አልነበረም! ለካ በአማርኛም ይቻል ኖሯል፤ ያልቻለው እሱ ነው!

«ሥራሽን ተዪ» አላላትም። አኮረፈ እንጂ። ያቀረበችለትን ምግብ ሳይነካ ይነሳል፤ ስታናግረው ግድግዳውን ያያል፤ ጀርባውን ሰጥቷት ይተኛል። ሳምንት አልፎ ወር ሲሆን ዘቢብ በቃኝ ብላ ሥራውን ተወች። «እኔ ተዪ ብያታለሁ እንዴ?» ይላል እስከ ዛሬ፤ ሲል ደግሞ ከልቡ ነው።

ከዚያ በፊት፣ በ1999 ዓ.ም.፣ የሆነ አንድ ነገር አለ። የዘቢብ ወንድም ኣረፋይነ ሚስት አገባ። ዳሱ ውስጥ ከበሮ ተመታ፤ ሰው ክብ ሠርቶ ትከሻውን እየሰበቀ መዞር ጀመረ። ዘቢብ የሙሽራው እህት ናት፤ ገባች። ከኋላዋ የሚዞረው ሰው የአክስቷ ልጅ ይሁን የሰፈር ጎረምሳ አስናቀ አላጣራም። እሱ ያየው ሰውየው ጎንበስ ብሎ በግራ ጆሮዋ አንድ ነገር ሲላት፣ እሷም ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ስትስቅ ነው። ዓይኑ ሌላ አላየም። ሰው ሁሉ እያየው ክቡ መሃል ገብቶ አንጓዋን ይዞ አወጣት። አንጓዋን እንደያዘ መንገዱን ጨረሰው። ቤት ሲደርሱ በጥፊ አላት። አንዴ ነው። ያ ሰው አፉን ያስጠጋበትን ጆሮ ነው ያገኛት።

ከዚያ ወዲህ ዘቢብ በግራ ጆሮዋ በደንብ አትሰማም። ስልክ በቀኝ ነው የምትይዘው፤ ሰው በግራ በኩል ሲያናግራት ፊቷን ታዞራለች። ሰው ሲጠይቅ አስናቀ «ብርድ መቷት ነው» ይላል፤ እሷም «ብርድ ነው» ትላለች። ደጋግሞ ከማለት ብዛት እሱ ብርዱን አምኖታል። እሷ ያመነችው ግን አይመስልም።

ደግሞ አስናቀ ያንን ከመምታት አይቆጥረውም። መምታት ለእሱ ዱላ ነው፣ ቀበቶ ነው፣ ጠጥቶ ገብቶ ሰፈር መረበሽ ነው። እሱ መጠጥ በአፉ አይዞርም። ደመወዙን አምጥቶ እጇ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። እንዲህ ያለ ባል መቀሌ ውስጥ ስንት አለ?

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ እያሉ ነው በ2009 ዓ.ም. አንድ ከሰዓት በኋላ ኣብርሀት የመጣችው። ኣብርሀት ለአንድ ጥናት ቤት ለቤት እየዞረች የምትጠይቅ ወጣት ናት፤ ትከሻዋ ላይ ቦርሳ፣ እጇ ላይ ታብሌት። አስናቀ የሌሊት ፈረቃ አድሮ ተኝቶ ነበር። «ከመይ ውዒልኩም» የሚል ሰላምታ ሰማ፤ ከዚያ ሁለት ሴቶች በትግርኛ ሲያወሩ ሰማ፤ ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ድምፅ ዝቅ ሲል አስናቀ ጆሮው ይቆማል። ነጠላ ጫማውን እየጎተተ ሳሎን ብቅ አለ።

«ምንድን ነው እሱ?»

ልጅቷ ከመቀመጫዋ ተነስታ በአክብሮት ጨበጠችው። ስለ ቤተሰብ ጤና የሚጠና ጥናት መሆኑን በአማርኛ አስረዳችውና «ጋሼ፣ የሚቻል ከሆነ ከእሳቸው ጋር ለጥቂት ጊዜ ብቻችንን ብንነጋገር?» አለችው።

«ዘቢብ ከኔ የምትደብቀው ነገር የለም። እዚሁ ጠይቂያት፤ በአማርኛ ግን» አለና ሶፋው ላይ ተደላደለ።

ኣብርሀት ዘቢብን አየቻት። ዘቢብ መሬት መሬት አየች። ልጅቷ አልተከራከረችም፤ ታብሌቷን በጣቷ ገፋ ገፋ አደረገችና «እሺ። የመጠጥ ውሃ ከየት ነው የምታገኙት?» አለች።

አቤት ያን ጊዜ አስናቀን ማየት ነበር! ዘቢብ አፏን ሳትከፍት እሱ ጀመረ። ከዓይናለም ጉድጓዶች ተነስቶ፣ ፓምፑ ስንት ሜትር እንደሚወርድ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እንዴት እንደሚነሳ፣ ተራው ለምን እንደሚዘገይ፣ ሕዝቡ ደግሞ ሳይገባው ሠራተኛውን እንዴት እንደሚሰድብ፣ አንድ በአንድ አስረዳት። ኣብርሀት አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችው። በወጉ ሸኝቷት ደጅ ድረስ ወጣ። ልጅቷ ስትሰናበት የዘቢብን እጅ ይዛ ቆየችና በትግርኛ አንድ ነገር አለቻት።

«ምን አለችሽ?»

«ሌላ ጊዜ እመለሳለሁ።»

«ጨዋ ልጅ ናት» አለ አስናቀ።

ዓመቱ ዞሮ በየካቲት ወር መጨረሻ፣ የሴቶች ቀን ሲከበር፣ የጥናቱ ውጤት በአንድ አዳራሽ ቀረበ። ለእንዲህ ዓይነቱ ስብሰባ አዳራሽ የሚሞላው እንዴት እንደሆነ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ያውቃል፤ ከየመሥሪያ ቤቱ ሰው ይላካል፣ ለስላሳና ውሃ ይታደላል። ከውሃ መሥሪያ ቤቱ የሂሳብ ክፍሉ ገብረጻድቅና አስናቀ ተላኩ። ገብረጻድቅ በሰዓቱ ገባ። አስናቀ ፈረቃ እስኪያስረክብ ዘግይቶ ሲደርስ ገለጻው አልቆ ክርክሩ ጦፎ ነበር።

ያመለጠው ነገር ይህ ነው። ጥናቱን ለማቅረብ ከአዲስ አበባ የመጣችው ወይዘሮ ሸዋወርቅ መጀመሪያ ላይ ጥናቱ እንዴት እንደተሠራ ስታስረዳ እንዲህ ብላ ነበር፦ «ጠያቂዎቻችን ሴቷን ብቻዋን ካላገኟት ስለ ጥቃት አንዲትም ጥያቄ አይጠይቋትም። ባል ወጣ ካላለ፣ ወይም መሃል ላይ ከገባ፣ ወሬውን ወደ ውሃ ያዞሩታል። የመጠጥ ውሃ ከየት ታመጣላችሁ፣ ይላሉ። ጥያቄውን ባልየው ከሰማ እነሱ ሲወጡ ዱላው የሚያርፈው እሷ ላይ ነውና።» አስናቀ ግን ያን ጊዜ ጉድጓዱ ዘንድ መዝገብ እየፈረመ ነው።

ሲገባ የሰማው ሌላ ነው። ከሦስት ባለትዳር ሴት አንዷ በባሏ ጥቃት ደርሶባታል ይላል ጥናቱ። አንድ ጎልማሳ ተነስቶ «እዚህ የተቀመጥነውን ባሎች ቁጠሩና ከሦስት አንዳችን እንነሳ እንዴ?» ብሎ ሲያስቅ ደረሰ። ሌላው ቁጥሩ ከውጭ ገንዘብ ለማምጣት የተጋነነ ነው አለ። የኔአለም የምትባል ነርስ ተነሳችና «የኔ ተቃራኒው ነው። አንሷል ባይ ነኝ። እኛ ዘንድ ፊቷ አብጦ የምትመጣ ሴት ሁሉ በር መታኝ ነው የምትለው። የዚህ ከተማ በር ሴት መርጦ ነው እንዴ የሚመታው?» አለች። ሴቶቹ አጨበጨቡላት።

ከዚያ አንድ ሰው «ባልሽ ከሌላ ወንድ ጋር ስታወሪ ይቀናል ወይ የሚለውም ተጠይቋል አሉ። ቅናትም ጥቃት ሆነ?» ብሎ ጠየቀ። ወይዘሮ ሸዋወርቅ «ተጠይቋል። ሚስቱን ከሰው የሚነጥል፣ ያለችበትን ሰዓት በሰዓት የሚያጣራ ባልም ተመዝግቧል» አለች።

አስናቀ የተቀመጠበት ወንበር ፈጀው። ማንም ስሙን አልጠራም፤ ግን አዳራሹ ሁሉ ዞሮ የሚያየው መሰለው። ቅናት ያለ ፍቅር ከየት ይመጣል? ሚስቱን የማይወድ ሰው ሰላም ነው፣ ምን ያሳስበዋል? ብድግ አለና እጁን አወጣ። ማይክ ሰጡት።

«ስሜ አስናቀ ነው። የውሃ ሰው ነኝ። ቁጥር ቁጥር ትላላችሁ፤ እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን ልናገር። ይህ ጥናት እኔ ቤት መጥቷል።»

አዳራሹ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። አስናቀ ደረቱ ሰፋ።

«ጠያቂዋ ከገባች ጀምሮ እስክትወጣ ድረስ ከሶፋዬ አልተነሳሁም። ስለ ድብደባ አንድ ቃል አልጠየቀችም! ከአፌ እስከ ዛሬ ውሸት አልወጣም፤ ስለ ውሃ ብቻ ነው የጠየቀችን!»

ከኋላ አንዲት ሴት ሳቀች። ከዚያ ሌላዋ። ሳቁ ረድፍ በረድፍ እየተቀጣጠለ መጣ። አስናቀ ደጋፊ ያገኘ መሰለው፤ እሱም ፈገግ አለና ድምፁን ከፍ አደረገ። «ታዲያ ይህ ሁሉ ቁጥር ከየት መጣ?»

ወይዘሮ ሸዋወርቅ አልሳቀችም። «ጋሼ፣ ብቻቸውን ላናግራቸው ብላ አልለመነችዎትም?»

«ለመነችኝ። እኔ ግን በኛ ቤት መደባበቅ የለም አልኳት።»

«የውሃውንስ ጥያቄ ማን መለሰላት?»

«እኔ ነኛ! ከኔ ሌላ ማን ያውቀዋል?»

ወንዶቹ እየሳቁ ጠረጴዛ መቱ። ሴቶቹ ግን ሳቃቸውን አቁመው ያዩት ጀመር፤ ሐኪም በሽተኛ እንደሚያይ። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር እንደተበላሸ የገባው። ገብረጻድቅ በጃኬቱ ጎትቶ አስቀመጠውና በጆሮው ነገረው። ውሃ ማለት ባል አልወጣም ማለት እንደሆነ፣ እሱ ሳይመጣ አዳራሹ ሁሉ ይህን እንደሰማ። አስናቀ እጁ ላይ የነበረውን የውሃ ጠርሙስ ከፈተው፣ ሳይጠጣ መልሶ ዘጋው።

ውይይቱ በሬዲዮ ይተላለፍ ነበር። ቤት ሲገባ ዘቢብ ሬዲዮኑን ቀኝ ጎኗ አስቀምጣ ሽሮ እያማሰለች አገኛት። ምግብ አቀረበችለት፤ እጁን አስታጠበችው። ከዚያ ፊቷ ላይ ምንም ሳይታይ «ስለ ውሃው ደህና አድርገህ አስረዳሃቸው» አለችው።

በማግስቱ መሥሪያ ቤት «ክቡር ሚኒስትር» የሚል ስም ወጣለት። የውሃ ሚኒስትር ለማለት ነው። ያን ቻለው። ያልቻለው ሌላ ነው። እስከዚያ ድረስ የሚቀናው በሰው ነበር፤ በባለሱቁ፣ በሃፍታይ፣ በዳስ ውስጥ ባየው ሰው። አሁን ግን ሚስቱ ሆድ ውስጥ ባለ አንድ መልስ መቅናት ጀመረ። ብቻዋን ብትሆን ኖሮ ምን ትላት ነበር? «ባሌ ደግ ነው» ትል ነበር? ወይስ ስለ ጆሮዋ ትናገር ነበር? ያ መልስ የእሱ ሆኖ ሳለ እሱ አያውቀውም፤ አንዲት ታብሌት የያዘች ልጅ ግን ጠይቃ ልታገኘው ትችላለች። በዚህ ነገር ከሃፍታይ ይልቅ ኣብርሀትን ጠላት።

«ብቻሽን ብትሆኚ ምን ትያት ነበር?» አላት አንድ ቀን እንደ ቀልድ።

«አልጠየቀችኝማ።»

ሌላ ቀን አለዝቦ ጠየቃት። ሌላ ቀን ተቆጥቶ ጠየቃት። አንድ ቀን ደግሞ፣ ይህን ለማንም አልተናገረም፣ እያለቀሰ ጠየቃት። መልሷ አልተለወጠም። «አልጠየቀችኝማ፣ አስናቀ። ምን ልበልህ?» ለጥቂት ሳምንታት ስልክ መደወሉን ተወ፤ ደህና ሰው ሆኖ ቢታይ መልሱ የሚለወጥ መስሎት ነው። ከዚያ ጭንቀቱ ሲያይልበት እንደገና ደወለ። «ቧንቧውን ክፈቺው።» ከፈተችው። ፉጨቱን ሰማ። ደረቱ ግን እንደ ድሮው ቀለል አላለውም።

በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ኣብርሀት ተመለሰች። የጥናቱ ሁለተኛ ዙር ነው፤ ያኔ የተጎበኙት ቤቶች እንደገና ይጠየቃሉ። አስናቀ የዚያን ዕለት ፈረቃ አልነበረውም፤ ሶፋው ላይ ነበር። ልጅቷ ስትገባ አይቷት ቀና ብሎ ተቀመጠ። እሷም አውቃዋለች፤ በሬዲዮ ሳትሰማው አልቀረችም። «ጋሼ» ብላ ጀመረች፤ አልጨረሰችውም።

ዘቢብ ተነሳች። ከማዕድ ቤት ዱካውን፣ ያቺን አጭር በርጩማ፣ አነሳች፤ በባሏ ፊት አልፋ፣ ግቢውን አቋርጣ፣ ከውጭው በር ማዶ ግድግዳው ጥላ ሥር አስቀመጠችው። ተመልሳ ሳሎኑ በር ላይ ቆመች።

«ውጭ አስቀምጬልሃለሁ» አለች። «ደግሞ በትግርኛ ነው የምናወራው።»

እያስፈቀደችው አልነበረም። አስናቀ እምቢ ለማለት አፉን ከፈተ። የአዳራሹ ሴቶች አስተያየት ትዝ አለው። ከዚህ ሶፋ ካልተነሳ ልጅቷ ስለ ውሃ ትጠይቃለች፣ እሱም ይመልሳል፣ ዘቢብም መሬት መሬት ታያለች፤ ይህን አሁን ሦስቱም ያውቃሉ። ከተነሳ ደግሞ ከዓመት በላይ እንቅልፍ የነሳው መልስ ከጀርባው ይነገራል። ነጠላ ጫማውን ተጫማና ወጣ።

ዱካው ላይ ተቀመጠ። ጎረቤታቸው ኣፅብሃ ሲያልፍ «ኣያ አስናቀ፣ ደሓን ዶ? ምነው ውጭ?» አለው።

«ፀሐይ ልሙቅ ብዬ» አለ አስናቀ፣ ጥላ ውስጥ ተቀምጦ።

ከውስጥ የሚመጣው ድምፅ ቃሉ አይለይም። የዘቢብ ነው፤ የእሷ ብቻ። ኣብርሀት አልፎ አልፎ አንድ ቃል ትላለች፤ ዘቢብ ትቀጥላለች። አስናቀ ያንን ሳቅ ጠበቀ። ዕድሜ ልኩን የጠላው ሳቅ፣ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ የምትስቀው፣ አሁን ይምጣ ብሎ ተሳለ። አንዴ ብትስቅ ነገሩ ቀላል ነው ማለት ነበር። አልሳቀችም። ይህን ያህል በትግርኛ አውርታ ሳትስቅ ሲሰማት ይህ የመጀመሪያው ነው።

የዚያን ቀን የሰፈሩ የውሃ ተራ ነበር። መስመሩ ሲለቀቅ አስናቀ ከማንም ቀድሞ ሰማው፤ ቧንቧው መጀመሪያ አፏጨ፣ ከዚያ አንገቱ ላይ ተንቋቋ፣ ከዚያ ውሃው ጠዋት ዘቢብ ክፍቱን ትታው ከነበረው ቧንቧ በርሜሉ ውስጥ ወረደ። ዘቢብ ውሃ ሲመጣ የያዘችውን ጉርሻ ጥላ የምትሮጥ ሴት ናት። ዕቃ ሁሉ ትሞላለች፤ ጠብታ አታባክንም። አሁን ትወጣለች ብሎ ጠበቀ። በርሜሉ ሲሞላ ድምፁ እየቀጠነ መጣ። ከዚያ ሞላ። ከዚያ ፈሰሰ። ስለ ውሃ እየተነጋገሩ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ባለቀ ነበር።

አልሰማችውም፣ አለ በሆዱ። ጆሮዋ እኮ ነው፣ በግራ አትሰማም፤ መስኮቱ በግራዋ ቢሆን ነው።

ኣብርሀት ግን ሁለቱም ጆሮዎቿ ደህና ናቸው። ደግሞም ያ ጆሮ አስናቀን ሌላ ነገር አስታወሰው፤ ከበሮውን፣ አንጓዋን፣ መንገዱን፣ ቤቱን። ብርድ አልነበረም። ያን ቀን እንኳን ብርድ፣ ነፋስም አልነበረም።

ቧንቧው ያለው ከሳሎኑ መስኮት ሥር ነው። ገብቶ ቢዘጋው ማንም ምንም አይለውም፤ የራሱ ግቢ ነው፣ ውሃውም የሚባክን ውሃ ነው። ገባ ካለ ግን ድምፁ ይቋረጣል፤ ወሬው ወደ ውሃ ይዞራል። ውሃው በበሩ ሥር ሾልኮ መጥቶ ነጠላ ጫማውን አራሰው። አስናቀ እግሩን ወደ ዱካው ሰበሰበና እዚያው ተቀመጠ።